«እናቴ በዕጣ ትታከም?» ስለ ጨረር ሕክምና ጥናት ከመንዝ ለመጣ ጥያቄ የካንሰር ሐኪም ምላሽ

ጥያቄው፦ «በሰሜን ሸዋ መሐል ሜዳ አስተማሪ ነኝ። እናቴ 54 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ግራ ጡቷ ተወግዷል። ከብብቷ ከወጡት ንፍፊቶች ሦስቱ ላይም ካንሰሩ ተገኝቷል። ኬሞ ጨርሳለች። አሁን አዲስ አበባ ለጨረር ተቀጥራለች። እዚያ አንድ ጥናት እንዳለ ነገሩን። ግማሾቹ 15 ቀን፣ ግማሾቹ 5 ቀን ብቻ ይታከማሉ። ማን የትኛው እንደሚደርሰው የሚለየው በዕጣ ነው። አጎቴ ‹የገጠር ሰው ስለሆነች ሊሞክሩባት ነው፤ ይልቅ ሸንኮራ ዮሐንስ እንውሰዳት› ይላል። እናቴ ግን 5 ቀኑን ወዳዋለች፤ ቤቷን ጥላ መቆየት አትፈልግም። 5 ቀን ጨረር ይበቃል ወይ? ዕጣስ ምን የሚሉት ሕክምና ነው? እንቢ ብንል ወረፋችንን እናጣለን?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ወረፋችሁን አታጡም። ጥናት ውስጥ የሚገባው በፈቃድ ነው። እናትሽ «አልፈልግም» ካሉ የተለመደውን የ15 ቀን ጨረር በያዙት ቀጠሮ ይታከማሉ። ገብተው ከጀመሩ በኋላ ሐሳባቸውን ቢቀይሩም መውጣት ይችላሉ፤ ምክንያት እንዲሰጡ አይገደዱም። ይህን ከሰው አፍ ሰምተሽ ብቻ አትለፊው። በምትፈርሙት የስምምነት ቅጽ ላይ በግልጽ ተጽፎ ማየት አለብሽ። ካልተጻፈ አትፈርሙ።

የአጎትሽን ጥርጣሬ በንቀት አላልፈውም። ሰው የሚጠረጥረው ያለ ነገር አይደለም። በአሜሪካ አላባማ ግዛት ተስኪጊ በሚባል አካባቢ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ የተደረገ ነገር አለ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወደ 400 የሚሆኑ ቂጥኝ ያለባቸው ጥቁር አሜሪካውያን «እያከምናችሁ ነው» እየተባሉ፣ በሽታው ምን እንደሚያደርጋቸው ብቻ ሲታይ ኖረ። ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላም አልተሰጣቸውም። ድሆች ነበሩ። ሐኪሙን አምነዋል። አጎትሽ ይህን ታሪክ ባይሰማም ስጋቱ ከዚሁ ዓይነት ነው፤ ድሃና የገጠር ሰው ሲሆኑ የሚከራከርላችሁ የለም የሚል።

ዛሬ ያሉት ደንቦች የመጡት ከእንዲህ ያለ በደል በኋላ ነው። የዓለም የሐኪሞች ማኅበር በ1964 ሄልሲንኪ ላይ ያወጣው መግለጫ የታካሚው ደኅንነት ከጥናቱ ጥቅም ይቀድማል ይላል። በእኛም አገር ሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ከመጀመሩ በፊት የተቋሙ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አይቶ ማጽደቅ አለበት። ስለዚህ ቅጹ ላይ የፈቃዱን ቁጥርና የኮሚቴውን ስልክ ፈልጊ። ስልኩ የተጻፈው ሊደወልበት ነው። ጥናቱን የሚመራው ሐኪም ደስ ባይለውም ደውለሽ ጠይቂ።

«ሊሞክሩባት ነው» የሚለውን ደግሞ በልኩ እንየው። በዚህ ጥናት ውስጥ ሕክምና የሚከለከል ሰው የለም። ሁለቱም ወገን ጨረር ያገኛል። አንደኛው ወገን ዛሬ በብዙ አገር የሚሰጠውን ይወስዳል፤ ሌላኛው ደግሞ በሺዎች በሚቆጠሩ ሴቶች ላይ ተፈትኖ ያለፈ፣ ለእናትሽ ዓይነት ሕመም ግን ገና የመጨረሻ መልስ ያልተሰጠበትን ይወስዳል። ጉዳዩ ያለው እዚህ ልዩነት ውስጥ ስለሆነ ቀስ ብዬ ላስረዳ።

መጀመሪያ ጨረሩ ለምን ያስፈልጋል? ጡቱ ተወግዷል፣ ኬሞውም አልቋል። ነገር ግን በደረት ቆዳ ሥርና ከአንገት በታች ባሉት ንፍፊቶች ውስጥ በዓይንም በምርመራም የማይታዩ የካንሰር ሴሎች ሊቀሩ ይችላሉ። በ2014 ከ8,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸው የቀድሞ ጥናቶች ተሰብስበው አንድ ላይ ተተነተኑ። ጡታቸው ተወግዶ ከ1 እስከ 3 ንፍፊት ላይ ካንሰር የተገኘባቸው ሴቶች ለብቻ ታዩ። በ20 ዓመት ውስጥ በጡት ካንሰር የሞቱት ጨረር ካልወሰዱት መካከል ከ100 ወደ 50 ሲሆኑ፣ ከወሰዱት መካከል ወደ 42 ነበሩ። እነዚያ ሴቶች የታከሙት በድሮ መድኃኒት ነው፤ የዛሬው ቁጥር ከዚያ የተሻለ ነው። ጥቅሙ ግን እውነተኛ ነው። እናትሽ ጨረሩን በ15 ቀንም ሆነ በ5 ቀን ቢወስዱ፣ ትልቁ ነገር መውሰዳቸው ነው።

አሁን ወደ ቀኑ ብዛት እንምጣ። ጨረር ለምን በአንድ ቀን ተሰጥቶ አያልቅም? መልሱ የተገኘው ከበግ ነው፤ የመንዝ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ሳይለው አይቀርም። በ1920ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ክላውድዩስ ሬጎ የሚባል ተመራማሪ የአውራ በግ ቆለጥ ላይ ጨረር ይሞክር ነበር። የቆለጥ ሴሎች እንደ ካንሰር ሴል ቶሎ ቶሎ ይራባሉ። በጉን በአንድ ጊዜ በትልቅ መጠን ሊያመክነው ሲል ቆዳው ክፉኛ ተጎዳ። መጠኑን በብዙ ቀን ሲከፋፍለው በጉ መከነ፣ ቆዳው ግን ተረፈ። ባልደረባው ሄንሪ ኩታር ይህንኑ ይዞ የጉሮሮ ካንሰር ያለባቸውን ሰዎች ማከም ጀመረ። በቀን በቀን የሚሰጥ ጨረር ሥር የያዘው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ልማዱ 25 ቀን ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ 5 ሳምንት። በቀን 2 ግሬይ፣ በድምሩ 50 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መለኪያ ነው)። ይህ ልማድ ለጡት ካንሰር የግድ ነው ወይ ብለው የጠየቁ ሐኪሞች በካናዳና በእንግሊዝ ተነሱ። በ3 ሳምንት ገደማ፣ በቀን ትንሽ ከፍ ባለ መጠን፣ በድምሩ ግን ባነሰ ግሬይ ሞከሩ። ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ አልጨመረም። ዛሬ «የተለመደው» የሚባለው 15 ቀን የመጣው ከዚያ ነው። አየሽ፣ ዛሬ የተለመደው 15 ቀንም በዘመኑ አዲሱና አጭሩ ነበር። በጥናት ተፈትኖ ነው ልማድ የሆነው።

ቀጥሎ እንግሊዞቹ ከዚያም አሳጠሩት። ጥናቱ ፋስት-ፎርዋርድ ይባላል። በ97 ሆስፒታሎች 4,096 ታካሚዎች ገቡበት። አንዱ ቡድን 40 ግሬይ በ15 ቀን ወሰደ። ሌላው 27 ግሬይ በ5 ቀን፣ ሦስተኛው 26 ግሬይ በ5 ቀን። የ5 ዓመቱ ውጤት በ2020 ታተመ። ካንሰሩ እዚያው ጡት ላይ የተመለሰባቸው በ15 ቀኑ ቡድን ከ100 ወደ 2 ነበሩ፤ በ26 ግሬዩ ቡድን ደግሞ 1.4። ማለት አጭሩ አልባሰም። በቆዳና በጡት ላይ የታየው ጉዳት በ26 ግሬይ ከ15 ቀኑ ጋር ተቀራራቢ ሆነ። በ27 ግሬይ ግን ጉዳቱ ትንሽ ከፍ አለ። አንድ ግሬይ ብቻ ጨምሮ ልዩነቱ ታየ። እኔ ይህን ውጤት ሳይ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይኸው ነው። በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ብንከራከር 26 ይሻላል ወይስ 27 የሚለውን መቼም አንደርስበትም ነበር።

«26 ከ40 ያንሳል፤ ስለዚህ ይቀንሱባታል» ብትይኝ አልፈርድብሽም። ሒሳቡ ግን እንደ ጤፍ ኩንታል አይደመርም። የቀኑ መጠን ከፍ ሲል እያንዳንዱ ግሬይ የሚያደርገው ሥራም ይጨምራል። 40ው በ15 ሲካፈል በቀን 2.67 ነው። 26ቱ በ5 ሲካፈል በቀን 5.2 ነው። የቀኑ መጠን እጥፍ ገደማ ሆኗል፤ ስለዚህ ድምሩ የግድ መቀነስ አለበት። 40ውን እንዳለ በ5 ቀን የሚሰጥ ሐኪም ቢኖር ሰው ይጎዳል። የጡት ካንሰር ሴል ደግሞ ለቀኑ መጠን ከፍ ማለት ጥሩ ምላሽ ይሰጣል። ሌሎች ካንሰሮች እንዲህ ላይሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ የማህፀን በር ወይም የጉሮሮ ካንሰር ያለባት ጎረቤት ብትኖር «እኔም 5 ቀን ይበቃኛል» እንዳትል አደራ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለ5 ቀኑ የሚመሰክር ይመስላል። ታዲያ ጥናቱ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱም ፋስት-ፎርዋርድ ውስጥ የገቡት አብዛኞቹ ሴቶች እናትሽን አይመስሉም። ካንሰራቸው ገና ትንሽ ሳለ የተገኘ ነው። ከ10ሩ ከ9 በላይ የሚሆኑት ጡታቸው አልተወገደም፤ እብጠቱ ብቻ ነው የወጣላቸው። በዋናው ጥናት ንፍፊቶች ላይ ጨረር አልተሰጠም። እኛ ዘንድ የሚመጡት ብዙዎቹ እንደ እናትሽ ናቸው። ጡቱ ሙሉ ለሙሉ የተወገደ፣ ንፍፊት የተነካ። ለእነዚህ ሴቶች 15 ቀን እንደሚበቃ የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ አለ። ቤይጂንግ ውስጥ በ820 ሴቶች ላይ ተሠርቶ በ2019 የታተመ ጥናት ጡት ከተወገደ በኋላ 15 ቀን ከ25 ቀን እንዳላነሰ አሳይቷል። 5 ቀንን ግን ንፍፊቱን ጨምሮ ለእናትሽ ዓይነት ታካሚ ስንሰጥ፣ ከዓመታት በኋላ እጅ ያብጣል ወይ? ትከሻ ይደርቃል ወይ? ወደ እጅ የሚወርዱት ነርቮች ይጎዳሉ ወይ? ይህ ነው ገና በደንብ መታወቅ ያለበት። ውኃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚሸከም፣ ሊጥ የሚያቦካ እጅ ስለሆነ ጥያቄው የእኛን አገር ሴቶች ከማንም በላይ ይመለከታቸዋል።

መልሱን ከእንግሊዝ ብቻ መጠበቅም አልወድም። እዚያ ያለች ሴት ትከሻዋ ቢይዛት በሳምንቱ ፊዚዮቴራፒ ታገኛለች። መሐል ሜዳ ያለች ሴት ይህን አታገኝም። ሰውነቱ አንድ ነው፤ ኑሮው ግን አንድ አይደለም። የእኛ ሴቶች በጥናቱ ካልተቆጠሩ፣ የሚደርስባቸው ነገር የትም አይጻፍም።

ዕጣው ላይ ልምጣ። ብዙ ሰው የሚደናገጠው እዚህ ነው። «ሐኪሙ ተምሮ ተምሮ በዕጣ ያክማል?» ይባላል። ሐኪሙ የሚሻለውን ካወቀ ዕጣ ማውጣት ነውር ነው። ዕጣ የሚወጣው በእውነት ሳይታወቅ ሲቀር ብቻ ነው። እኔ ራሴ ልምረጥ ብል ምን አደርጋለሁ? ጠንከር ያሉትን፣ ቤታቸው ቅርብ የሆነውን ወደ 15 ቀኑ እልካለሁ። ከሩቅ የመጡትን፣ የደከሙትን ወደ 5 ቀኑ። ከ5 ዓመት በኋላ 15 ቀኑ በልጦ ቢገኝ፣ ጨረሩ በልጦ ነው ወይስ ሰዎቹ መጀመሪያውኑ ጠንካሮች ስለነበሩ ነው? መለየት አይቻልም። ዕጣው ይህን አድልዎ ከሐኪሙ እጅ ያወጣዋል።

ይህን ሳናደርግ ስንቀር ምን እንደሚመጣ የታየበት አሳዛኝ ታሪክ አለ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለተስፋፋ የጡት ካንሰር እጅግ ከባድ ኬሞ መስጠት ተጀመረ። መጠኑ መቅኔን የሚያጠፋ ስለሆነ ከታካሚዋ አስቀድሞ የተወሰደ የመቅኔ ሴል ይመለስላታል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መድኃኒት ከበዛ ካንሰሩ ይሞታል። ሐኪሞች ከልባቸው አመኑበት። ሴቶቹ ኢንሹራንስ እንዲከፍልላቸው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ። በዕጣ የሚለይ ጥናት ውስጥ ግን መግባት የፈለጉት ጥቂቶች ነበሩ፤ ማን ቀላሉ እንዲደርሰው ይፈልጋል? ስለዚህ ጥናቶቹ ለዓመታት ተጓተቱ። በመጨረሻ በ1999 ውጤታቸው ሲወጣ፣ ከባዱ ኬሞ ዕድሜ አላራዘመም። ጥሩ ውጤት አገኘሁ ያለው አንድ የደቡብ አፍሪካ ጥናት ነበር፤ እሱም በተከታዩ ዓመት የሐሰት መረጃ እንደነበረበት ተረጋገጠ። በዚህ መሐል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች በከንቱ ያን ሥቃይ አይተዋል። አንዳንዶቹን የገደላቸው ሕክምናው ራሱ ነው።

በጨረርም ያው ነው። ለሳንባ ካንሰር የተለመደው 60 ግሬይ ነበር። 74 ግሬይ ቢሰጥ ይሻላል ብለው ብዙዎች ተስፋ አደረጉ። በዕጣ ተለይቶ ተጠና፤ ውጤቱ በ2015 ታተመ። 60 የወሰዱት በመካከለኛ ልክ 28.7 ወር ኖሩ። 74 የወሰዱት 20.3 ወር። የበዛው ጨረር ጎዳ። አንዳንድ ቤተሰብ «ገንዘብ እንጨምራለን፣ ጨረሩን ጨምሩላት» ሲለኝ ይህን እነግራቸዋለሁ።

የቀነሰውም ሁልጊዜ ያነሰ አይደለም። የዛሬ 50 ዓመት ገደማ የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ሁሉ ማለት ይቻላል ጡቷን ማጣት ነበረባት። በርናርድ ፊሸር የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም በ1976 እብጠቱን ብቻ ማውጣትን ጡት ከማስወገድ ጋር በዕጣ አወዳደረ። ባልደረቦቹ አምርረው ተቃወሙት። የ20 ዓመቱ ውጤት በ2002 ወጣ። በሕይወት በመቆየት በኩል ልዩነት አልነበረም። እብጠቱ ብቻ ከወጣላቸው መካከል ጨረር የወሰዱት ላይ ካንሰሩ በዚያው ጡት የተመለሰባቸው ከ100 ወደ 14 ሲሆኑ፣ ጨረር ካልወሰዱት ወደ 39 ናቸው። እናትሽ ቀደም ብለው ታይተው ቢሆን ኖሮ ጡታቸው ይተርፍ ነበር ይሆናል። ይህን የምልሽ ለጸጸት አይደለም። አንቺ ሴት ልጃቸው ነሽ፤ እህቶችም ይኖሩሻል። ጡታችሁ ላይ እብጠት ስታዩ ሳትውሉ ሳታድሩ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሂዱ።

ስለ አጭር ሕክምና ሌላም ላንሳ፤ ከገጠር የሚመጡ ቤተሰቦችን የሚያስቀይም ነገር ስለሆነ። ካንሰር ወደ አጥንት ተሰራጭቶ ሕመም ሲያስቸግር አንድ ቀን ብቻ 8 ግሬይ ጨረር እንሰጣለን። ቤተሰብ «አንድ ቀን ብቻ ሰጥተው ሸኙን፣ ተስፋ ቆርጠውባት ነው» ይላል። አይደለም። ከ1,000 በላይ ታካሚዎች የገቡበት የኔዘርላንድ ጥናትና ሌሎችም እንዳሳዩት አንዱ ቀን ሕመም በማስታገስ ከብዙ ቀኑ አያንስም። ሕመሙ ተመልሶ ዳግመኛ ጨረር የሚያስፈልጋቸው ግን በአንድ ቀኑ በዛ ይላሉ። ያኔ ይደገማል።

እንግዲህ ቀጥተኛውን ጥያቄ ልመልስ። እናቴ ብትሆን ምን አደርጋለሁ? ዕጣው ውስጥ እንድትገባ እመክራታለሁ። የ15 ቀኑ ቢደርሳት የተረጋገጠውን አገኘች። የ5 ቀኑ ቢደርሳት ብዙ ማስረጃ ያለው፣ በቅርብ የሚከታተሏት ሕክምና አገኘች። ግን ይህን የምለው ሦስት ነገር ከተሟላ ነው። ጨረሩ በሲቲ ስካን ተለክቶ የሚታቀድ መሆን አለበት። የግራ ጡት ስለሆነ ልብ ከጨረሩ በታች ነው ያለው፤ «ልባቸውን እንዴት ትጠብቁላቸዋላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ፤ አንድ ሐኪም በዚህ ጥያቄ መቆጣት የለበትም። ሦስተኛው ክትትሉ ነው። ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

የ5 ቀን ጨረር ጥሩም መጥፎም ውጤቱ የሚታየው በ5 ቀን አይደለም፤ በዓመታት ነው። ለዚህ እናትሽ በየጊዜው መታየት አለባቸው። ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ፣ ላምበረት መናኸሪያ ወርዶ ደግሞ ሌላ ታክሲ። መንገድ የሚዘጋበትም ጊዜ እንዳለ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቂ። የመጓጓዣውን ማን ይከፍላል? መምጣት ካልተቻለ በስልክ ያዩዋቸዋል? ክትትሉ ደብረ ብርሃን መሆን ይችላል? በጥናቱ ምክንያት ጉዳት ቢደርስ የሚያክማቸው ማነው፣ በማን ወጪ? ለእነዚህ የተዘጋጀ መልስ የሌለው ጥናት ለገጠር ሴት አልተዘጋጀም ማለት ነው። ያኔ «ይቅርብን፣ የ15 ቀኑን ስጡን» ማለት ትክክል ነው። በጥናቱ ለመግባት ክፈሉ የሚላችሁ ሰው ካለ ደግሞ ጨርሶ አትስሙት፤ ለመሳተፍ የሚከፈል ገንዘብ የለም።

ሆስፒታሉም ከአጭሩ ሕክምና ይጠቀማል፤ ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። አንዲት ሴት 15 ቀን በምትታከምበት ማሽን ሦስት ሴቶች 5፣ 5 ቀን ሊታከሙ ይችላሉ። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር። አሁን እንደ ጅማ ያሉት ተጨምረዋል፤ ወረፋው ግን ዛሬም ረጅም ነው፤ ወረፋ ሲጠብቁ ካንሰሩ የገፋባቸው ሰዎች አሉ። 5 ቀን እኩል ሆኖ ከተገኘ ብዙ ሰው ይተርፋል። ግን ማሽን ስላነሰን ብቻ ያልተፈተነ ነገር መስጠት የለብንም። ለዚህም ነው ጥናቱን የምደግፈው። ሳይጠና በወረፋ ብዛት ወደ 5 ቀን ብንገባ፣ ያኔ የአጎትሽ ቁጣ በቂ ምክንያት ይኖረው ነበር።

እናትሽ 5 ቀኑን ወደዋል ብለሻል። ይህን አስቀድማችሁ ግልጽ አድርጉላቸው። ዕጣ ስለሆነ መምረጥ አይቻልም። 15 ቀኑ ሊደርሳቸው ይችላል፤ ያ ማለት ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ መቆየት ነው። ጨረሩ በቀን ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ መገኘት ግድ ነው። ማረፊያውን፣ ቤት የሚጠብቀውን፣ ከብቱን የሚያየውን አሁኑኑ ተነጋገሩ። ጀምሮ ማቋረጥ ከሁሉም የከፋ ነው። ቅጹ ከተነበበላቸው በኋላ ደግሞ የገባቸውን በራሳቸው አነጋገር ይንገሩሽ። «ግማሹ 5፣ ግማሹ 15፣ የሚለየው ዕጣ ነው፣ ካልፈለግሁ እወጣለሁ» ካሉ ገብቷቸዋል። ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ከጥናቱ ሠራተኞች ውጭ የሆነ ምስክር አብሮ መስማት አለበት፤ ከዚያ በጣት አሻራቸው ይፈርማሉ። የቅጹን ቅጂ ቤት ይዛችሁ ሂዱ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ውሳኔው ግን የእሳቸው ነው።

ስለ ሸንኮራ ዮሐንስ። ጸበል የሚሄድ ታካሚዬን ከልክዬ አላውቅም። እምነቱ ያጸናዋል፤ እኔም አከብረዋለሁ። የምለምነው ጊዜውን ነው። ከኬሞ በኋላ ጨረሩ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። ከዚያ በፊት ሄደው ለቀጠሮው ከደረሱ ደግ ነው። ጨረሩ ከተጀመረ ግን መጠመቁ ይቆይ። ደረታቸው ላይ በቀለም ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ማሽኑ በየቀኑ የሚያነጣጥረው በዚያ ነው። ምልክቱ ከታጠበ ቦታው ሊዛባ ይችላል። ጨረር የነካውን ቆዳ ቅቤም፣ ቅጠልም፣ ቅባትም አትቀቡት፤ ሐኪሙ የፈቀደው ብቻ ይቀባ። ቢቀላ ወይም ቢላጥ አትደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጨረሩ ካለቀ በሳምንታት ውስጥ ይድናል። ቁስል ከሆነ ግን ተመልሳችሁ አሳዩ። በጾም ወቅት ከሆነ የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ የታመመ ሰው ምግብ ያስፈልገዋል።

አጎትሽን አብሮ እንዲመጣ ጋብዢው። ሐኪሙ ፊት ቁጭ ብሎ የሚጠይቀውን ይጠይቅ። የሚጠራጠር ዘመድ ይዞ የመጣ ታካሚ ብዙ ጊዜ ይበልጥ ተረድቶ ነው የሚፈርመው።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር አለ። ከጡታቸው የተወሰደው ናሙና ሲመረመር «ሆርሞን ተቀባይ አለው» (ማለት ካንሰሩ በሴት ሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ነው) ተብሎ ከሆነ ታሞክሲፈን ወይም የሱ ዓይነት ክኒን ይታዘዝላቸዋል። በየቀኑ፣ ቢያንስ ለ5 ዓመት። ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ነገር ግን 5 ዓመት በትክክል የወሰዱት በጡት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ አሳይተዋል። እነዚያም ሴቶች በዕጣ የተለዩ ነበሩ። ካርዳቸውን አውጥተሽ ውጤቱን እይ። ካልተጻፈ ወይም ምርመራው ካልተሠራ፣ ለጨረር ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠይቁት እሱን ይሁን።